የእናቴ ሲንጀር እና የወንድሜ ወንበር

ጥቅምት 2፣ እሑድ

ወንድም ጋሼ ከደሴ ኮምቦልቻ የሚሠራባት ሃይስ የሹፌር ወንበሯ በግራ በኩል ተበልቷል። ጎንን ደግፎ የሚይዘውን ከፍ ያለ ጠርዝ እኛ ክንፍ እንለዋለን፤ ሹፌር ሲወጣም ሲገባም የሚፈገፍገው በበሩ በኩል ያለውን ክንፍ ነው። በደሴና በኮምቦልቻ መሃል ያለውን የሐረጎን ዳገት በቀን ስንት ጊዜ የሚወጣና የሚወርድ ሰው ደግሞ በየጠመዝማዛው ወደዚያው ይደገፋል። አምና አንድ ቤት ወስዶ አሠርቶት ነበር። መኪናዋ አራት ቀን ሥራ ፈትታ ቆመች፣ ገንዘቡ ተከፈለ፣ ክረምቱ ሳይወጣ ስፌቱ አፉን ከፈተ።

«እኔ ልስፋልህ» አልኩት።

«ቀሚስ መሰለሽ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ቀሚስም ቢሆን በወጉ ሰፍቼ አላውቅም። ያለኝ የእናቴ ባለ እግር የሲንጀር ስፌት መኪና፣ ከቤታችን ጀርባ ያለች አንዲት ዕቃ ቤት እና በአብዛኛው እሑድ ብቻ ነው። የሆነውን ሁሉ እየጻፍኩ እሄዳለሁ። ሌላ ጀማሪ ካለ የኔን ያህል መርፌ አይስበር።

ዛሬ ማሽኗን ስፈታ ዋልኩ። ዓመታት ቆማለች፤ ይባስ ብሎ አንድ ሰው (እኔ ሳልሆን አልቀርም፣ ልጅ ሆኜ) የምግብ ዘይት ጠብ አድርጎባታል። የምግብ ዘይት ሲከርም እንደ ሙጫ ይደርቃል። በነጭ ጋዝ በተነከረ ጨርቅ ጠርጌ፣ ጋዙ ከተነነ በኋላ የስፌት መኪና ዘይት በየቀዳዳው አንዳንድ ጠብታ ሰጠኋት። የቆዳ ቀበቶዋ ላልቶ ስለነበር አንድ ሴንቲ ሜትር ቆርጬ በሽቦዋ መልሼ አያያዝኳት። ማታ ላይ መንኮራኩሯን በእጄ ሳዞራት ድምፅ አልነበራትም።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ያለ ክር መስፋት። ከአሮጌ ደብተር ገጽ እየገነጠልኩ በሰማያዊው መስመር ላይ መርፌዋን ማስኬድ። መጀመሪያ መስመሩን ትታ ወደ ኅዳጉ ስትሄድ ዋለች፤ ከሰዓት በኋላ ተግባባን። ባለ እግር ማሽን ላይ የሚያስቸግረው አነሳሱ ነው። መንኮራኩሩ ወደ ሰፊው መዞር አለበት። እግር በተሳሳተ ሰዓት ከረገጠ ወደ ኋላ ይዞርና ክሩን ይበጥሰዋል። ስለዚህ ቀኝ እጅ መንኮራኩሩን ወደ ራስ ያስነሳል፣ እግር ይከተላል። ይህን ብቻ ሁለት ሰዓት ያህል ተለማመድኩ።

ክር ሳስገባ ጉድ ፈላ። ከላይ ስፌቱ ያማረ ነው፣ ገልብጬ ሳየው ከሥር የወፍ ጎጆ። የታችኛው ክር የሚጠቀለልበትን ቦቢን አወጣሁ፣ አጠበቅሁ፣ አላላሁ፣ ምንም። በመጨረሻ ጎረቤታችንን አባባን ጠራኋቸው። በወጣትነታቸው ፒያሳ ልብስ ይሰፉ ነበር። ማሽኗን እንኳ አልነኩም።

«ልጄ፣ ክሩን ስታስገቢ እግሯ ወርዳ ነበር ወይስ ተነስታ?»

«ወርዳ ነበር አባባ።»

«በይ አንሥተሽ እንደገና አስገቢው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የላይኛውን ክር የሚያጠብቁት ሁለት ክብ ሳህኖች የሚከፈቱት እግሯ (ጨርቁን ከላይ የምትጫነው ብረት) ስትነሣ ነው። ወርዳ ከገባ ክሩ በሳህኖቹ መሃል ሳይሆን በጫፋቸው ያልፍና የሚይዘው ይጠፋል፤ ልቅ ሆኖ ወደ ታች ይወርድና እዚያ ይከማቻል። ከሥር የሚታየው ጎጆ የላይኛው ክር ጥፋት ነው ማለት ነው። ቦቢኑን በከንቱ ስከስ ውዬአለሁ።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ሌዘር ገዛሁ፣ ለመለማመጃ ግማሽ ሜትር። ሻጮቹ «ሌዘር» የሚሉት ቆዳውን ሳይሆን ከጀርባው ጨርቅ ያለውን ፕላስቲክ ነው፤ ወርዱ 1.40 ሜትር ገደማ። ዋጋውን አልጽፍም፣ ሳምንት ሳይሞላው ይለወጣል።

ጨርቅ ይቅር ባይ ነው። ሌዘር ግን መርፌ ያረፈበትን ሁሉ እስከ ወዲያኛው ይዞ ይኖራል። በስፒል መያዝ የለም፤ በስፒል ፈንታ የልብስ መቆንጠጫ ከገመዱ ላይ ሰብስቤ መጣሁ። ስፌት አበላሽቶ መተርተርም ቢሆን ቀዳዳዎቹን አይመልስም። መጀመሪያ በለመድኩት በሁለት ሚሊ ሜትር እርምጃ (ከአንዱ የመርፌ ቀዳዳ እስከ ሌላው) ሰፋሁ፤ ጠንካራ መስሎኝ። ሁለቱን ቁራጭ ይዤ ሳብ ሳደርጋቸው ክሩ ሳይሆን ሌዘሩ ራሱ በስፌቱ መስመር ላይ ሽርክት አለ፣ ልክ ቴምብር እንደሚገነጠለው። የወንድሜ ወንበር ለምን አፉን እንደከፈተ ያን ጊዜ ገባኝ። ሄጄ አየሁት። ስፌቱ እንደ ሸሚዝ ደቃቅ ነው።

ከዚያ ወዲህ እርምጃዬ አራት ሚሊ ሜትር ነው። ላይ ለሚታየው ስፌት አምስት።

መርፌና ክር፦ ለሲንጀሯ የምትሆነው መርፌ ቁጥር 18 ነች፣ ከሷ ጋር ቴክስ 70 ፖሊስተር ክር (ቴክስ የክር ውፍረት መለኪያ ነው)። ናይለኑ ጠንካራ ነው፣ ፀሐይ ላይ ግን ፖሊስተር የተሻለ ይችላል፤ የመኪና ወንበር ደግሞ ቀኑን ሙሉ መስታወት ሥር የሚጠበስ ነገር ነው። ከዚህ የወፈረ ክር አምጥቼ ሞክሬ ነበር፤ በመርፌዋ ዓይን ቢገባም ሳህኖቹ ሊይዙት አልቻሉም። የጥጥ ክር ላብና ፀሐይ ያበሰብሰዋል፣ ጨርሶ አልነካሁትም።

ሌላው መከራ የማሽኗ ብረት እግር ሌዘሩ ላይ ትጣበቃለች። የማሽኗ ጥርስ ከታች ሊገፋው ይታገላል፣ እግሯ ከላይ ጠፍራ ትይዘዋለች፣ ስፌቱ አንድ ቦታ ይከመራል። ከእግሯ ሥር የወረቀት ፕላስተር ለጥፌ ለመርፌዋ ቀዳዳ ቆረጥኩለት። እንደ በረዶ ተንሸራተተች። በየሰዓቱ መቀየር አለበት እንጂ።

ጥቅምት 23፣ እሑድ

የመጀመሪያ እውነተኛ ሥራ። የሠፈራችን ልጅ የባጃጁን የፊት መቀመጫ አምጥቶ «እትዬ፣ ቢበላሽም ግድ የለም» አለኝ። ቢበላሽ ግድ እንደሚኖረው ፊቱ ይናገራል።

የባጃጅ መቀመጫ ለጀማሪ የተፈጠረ ነው። ከታች ኮምፔርሳቶ፣ በላዩ ስፖንጅ፣ በላዩ ሌዘር፣ ዙሪያውን ከሥር በስቴፕል የተመታ። አንድ ላይኛ ፊት እና አንድ ረጅም የዙሪያ ቀበቶ ማለት ነው። ቀጥ ያለው ስፌት በአሥር ደቂቃ አለቀ፣ ማዕዘኖቹ እስከ ማታ ያዙኝ። ቀጥ ያለ ቀበቶ ክብ ማዕዘን ላይ አልዞርም ይላል፤ ከስፌቱ ውጪ ባለው ትርፍ ላይ በየሴንቲ ሜትሩ በመቀስ ስንጥቅ ማድረግ ያስፈልጋል፣ ወደ ስፌቱ መስመር ሁለት ሚሊ ሜትር ሲቀር ማቆም። አንዱ ጋ አላቆምኩም። ያን ማዕዘን ወደ ኋላ አዞርኩት።

መዞር ሲያስፈልግ መርፌዋ ሌዘሩ ውስጥ እንደተተከለች እግሯን ማንሣት ነው። ግን መርፌዋ ታች ደርሳ ትንሽ ወደ ላይ መመለስ ከጀመረች በኋላ ይሁን፤ ያኔ ከታች ያለው መንጠቆ ክሩን ይዞታል። ቀድመው ካዞሩ ስፌት ይዘላል። ይህን ማንም አልነገረኝም፣ ሦስቱ የተዘለሉ ስፌቶች ነገሩኝ።

ልጁ ወስዶት ሄደ። ከኋላ ያለውን ማዕዘን አላየም።

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

መብራት የለም። ሲንጀሯ ግድ የላትም፣ በፋኖስ ሰፋሁ። ማስቲሽ ግን በር ከፍቶ ነው፤ ትናንት በዝግ ቤት ቀብቼ ራሴን እንደ ከበሮ ሲመታኝ አደረ። ሁለቱም ፊት ላይ ስስ አድርጎ መቀባት፣ በጣት ሲነካ እስከማይጣበቅ መጠበቅ፣ ከዚያ ማገጣጠም። እርጥቡን ካገጣጠሙት ይንሸራተታል።

ኅዳር 7፣ እሑድ

ወንድሜ መኪናዋን ግቢ አቆመልኝ። እስከ ነገ ንጋት ብቻ።

ሃይስ ሞተሯ ከፊት ወንበሮች ሥር ነው። ወንበሩ ሲነሣ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ፤ ይህን ሙቀት ያኔ ልብ ብለው ኖሮ ከሳምንታት በኋላ ያገኘኝ አያገኘኝም ነበር። ብሎኖቹ ዝገዋል። ዘይት ጠብ አድርገን ቡና እስኪፈላ ጠበቅን፤ በቶናው ላይ ተፈቱ።

ልብሱን ከማውለቄ በፊት ከየአቅጣጫው ፎቶ አነሣሁ፣ እያንዳንዱን ቁራጭ በቁጥርና በቀስት (ወደ ፊት የቱ፣ ወደ ላይ የቱ) በነጭ ማርከር ጻፍኩበት። ልብሱ በስፖንጁ ላይ የተዘረጋ ብቻ አይደለም። ከሥሩ፣ መሃሉ ወደ ውስጥ በሚገባበት መስመር ላይ፣ ረጅም የጨርቅ ኪስ ተሰፍቷል፤ በኪሱ ውስጥ ሽቦ አልፏል፤ ሽቦው ደግሞ በትንንሽ የብረት ቀለበቶች ስፖንጁ ውስጥ ከተቀበረ ሌላ ሽቦ ጋር ተቆልፏል። ወንበር ቅርጹን የሚይዘው በዚህ ነው። አምና የሰፉት ቤት ይህን ትተው መሃሉን በማስቲሽ ብቻ ለጥፈውታል።

ቀለበቶቹን በፒንሳ እየቆረጥኩ ልብሱን ስገፈው የጠበቅሁት ስፖንጅ አልነበረም። ከሌዘሩ ሥር ሌላ ልብስ። ግራጫ ጨርቅ፣ ከፋብሪካ የመጣው። ሳያወልቁ በላዩ ሰፍተውበት!

መጀመሪያ ተናደድኩ። ከዚያ ቁጭ ብዬ ጨርቁን መተርተር ስጀምር ልቤ መምታት ጀመረ። በየቁራጩ ትርፍ ላይ፣ በየተወሰነው ርቀት፣ ትንንሽ የሦስት ማዕዘን ጥርሶች ተቆርጠዋል። አንዱ ጋ አንድ ጥርስ፣ ትይዩው ላይ አንድ ጥርስ። ሌላው ጋ ሁለት፣ ትይዩው ሁለት። ይህ ከዚህ ጋር ይጋጠማል ማለት ነው። ኩርባው ላይ ጥርሶቹ ይቀራረባሉ፣ ቀጥታው ላይ ይራራቃሉ። የሰፊው እጅ የት መጠንቀቅ እንዳለበት ሳይቀር ተጽፏል። ማን እንደቆረጠው የማላውቀው ሰው መመሪያውን ጽፎልኝ፣ በላዩ ሌላ ሰው ሌዘር ለብጦበት ኖሯል።

አምና የሰፉትን ሌዘር ብቻ አይቼ ብቀዳ ኖሮ የነሱን ስሕተት ነበር የምቀዳው። የነሱ የግራ ክንፍ ከፋብሪካው በሁለት ሴንቲ ሜትር ያጥራል፤ ሁልጊዜ ተወጥሮ ነበር የኖረው።

ሌሊቱን መተርተር ነው። በምላጭ፣ ክሩን ብቻ። ግማሹን ጎን ሳልተረትር ተውኩት፤ ሁሉም ከተበተነ አገጣጠሙን በምን አያለሁ? ወንድሜ በንጋት ሲነሣ ወንበሩ ራቁት ስፖንጅ ነበር። ጋቢውን አራት አጥፎ ተቀመጠበትና ሄደ። ለሦስት ሳምንት እንዲሁ ነዳ፤ ተሳፋሪ «አመመህ እንዴ?» እያለ ይጠይቀው ነበር አሉ።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

የጨርቁን ቁርጥራጮች ተኩሼ ካርቶን ላይ አስተኝቼ ቀዳሁ። ትልልቆቹን በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ፣ ከውስጠኛው ንጹሕ ንብርብር። የስፌት ትርፍ ዙሪያውን አንድ ሴንቲ ሜትር፣ ጥርሶቹን ሳልረሳ። ዕድሜ ጨርቁን ለጥጦታል፣ በተለይ መቀመጫው መሃል፤ እዚያ የተለካውን አላመንኩም፣ ያን ያህል ያልተበላውን የቀኝ ጎን ገልብጬ ለግራውም ተጠቀምኩበት።

ዛሬ ደግሞ አንድ ጎረቤት ቪትዝ ይዞ መጣ፣ የፊቱን ወንበር ልብስ ስፊልኝ ብሎ። መደገፊያው ጎን ላይ ኤርባግ (በግጭት ጊዜ ተነፍቶ ሰውን የሚጠብቅ ከረጢት) የሚል ምልክት አየሁና እምቢ አልኩ። የዚያ ዓይነት ወንበር ጎን በአደጋ ጊዜ ተቀድዶ ኤርባጉን እንዲያስወጣ ታስቦ የሚሰፋ ነው፤ እኔ በአራት ሚሊ ሜትር ጠንካራ ስፌት ብደፍነው የት እንደሚወጣ አላህ ይወቅ። ከወንበሩ ሥር ያለውን ቢጫ የኤሌክትሪክ ሶኬትም ባትሪ ሳይነቀል፣ ከተነቀለም በኋላ ጥቂት ሳይቆዩ፣ መንካት አደጋ አለው። «ፈራሽ» አለኝ። አዎ።

ኅዳር 14፣ እሑድ

ቁረጥ። ሌዘር በወርዱና በርዝመቱ እኩል አይለጠጥም፤ እጅ ይዞ ሲስቡት ይታወቃል። የሚለጠጠውን በመቀመጫው ስፋት አደረግኩት። ይህን ሁሉ ተጠንቅቄ፣ ካርቶኑን ከጀርባ አስተኝቼ፣ በሳሙና ዙሪያውን ሥዬ፣ ቆርጬ፣ ደርድሬ ሳይ ሁለት ግራ ክንፍ አለኝ። ቀኝ የለኝም። ሁለተኛውን ካርቶኑን መገልበጥ ነበረብኝ።

ቀሪው ሌዘር ይበቃ ነበር፣ ለጥቂት። አሁን በእያንዳንዱ ካርቶን በአንዱ ፊት «ቀኝ»፣ በሌላው ፊት «ግራ» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። የተረፈው ክንፍ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

ኅዳር 17፣ ረቡዕ

የመሃሉን ሌዘር ከአምስት ሚሊ ሜትር ስስ ስፖንጅ ጋር ለጥፌ መስመር መስመር ሰፋሁት። ያምራል። ከዚያ ክንፉን ከመሃሉ ጋር ማገናኘት። ጥርሶቹን አጋጥሜ፣ በመቆንጠጫ ይዤ፣ ከአንዱ ጫፍ ጀመርኩ። ሌላው ጫፍ ስደርስ ላይኛው ከታችኛው በአንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ተርፏል። ተረተርኩ። እንደገና። አንድ ሴንቲ ሜትር።

ጥፋቱ የኔ ብቻ አይደለም። ሲንጀሯ የምትጎትተው ከታች ባለው የራሷ ጥርስ ብቻ ነው። ላይኛው ንብርብር የሚሄደው በመታከክ ነው፤ በመሃሉ ስፖንጅ ካለ ታችኛው ይቀድማል፣ ላይኛው ወደ ኋላ ይቀራል። መፍትሔው ከመሃል ጀምሮ ወደ ሁለቱም ጫፍ መስፋት፣ ሌዘሩ ላይ በተቆረጠው በየጥርሱ ምልክት መቆም፣ እግሯን አንሥቶ ማስተንፈስ ነው። በዚህ ልዩነቱ ወደ ሦስት ሚሊ ሜትር ወረደ።

ሦስት ስፌት የሚገናኝበት ቦታ ግን አራት ሌዘርና ሁለት ስፖንጅ ይደራረባል። ቀበቶዋ ተንሸራተተ፣ መርፌዋ ተጣምማ ብረቱን መታችና ቀጭ። ሥራ አቁሜ የመርፌዋን ጫፍ ፈለግኩ። ወንድሜ የሚቀመጥበት ነው! በማግኔት፣ በእጅ ባትሪ፣ ግማሽ ሰዓት ፈጀ፤ ስፖንጁ ውስጥ ተገኘች። የተሰበረች መርፌ ሁለቱም ቁራጭ ጠረጴዛ ላይ ካልታየ ሥራ አይቀጥልም፤ ይህን እዚሁ ግድግዳ ላይ ጽፌዋለሁ።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ፣ በወንድሜ መኪና፣ ጋቢ ላይ ተቀምጦ ሲነዳ እያየሁት። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ግን ከ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ወደ 1,850 ገደማ ነው የሚወረደው። ሹራቤን ሐረጎ ላይ አወለቅኩ።

ኮምቦልቻ የቆዳ ፋብሪካ ያለባት ከተማ ናት፤ ቆዳ የሚሰፋ ሰው አይጠፋም ብዬ ጠይቄ ጠይቄ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ። ቦርሳና የወንበር ልብስ ይሰፋሉ። ማሽናቸው የሚራመድ እግር አላት። ሁለት እግር፦ አንዱ ሲነሣ ሌላው ይረግጣል፣ መርፌዋም ራሷ ሌዘሩ ውስጥ እንዳለች ወደ ኋላ ትራመዳለች። ላይኛውና ታችኛው አንድ ላይ ተጎትተው ይሄዳሉ። ሳምንቱን ሙሉ ያስለቀሰኝን መገናኛ አምጥቼ ሰጠኋቸው። በአንድ ትንፋሽ አለፉበት።

«ጋሼ፣ እኔ ልሞክር?»

«ሞክሪ የኔ ልጅ። እግርሽን ብቻ እወቂበት።»

አላወቅኩበትም። ፔዳሉን እንደ ሲንጀር ረገጥኩት፣ ማሽኗ ጮኸች፣ ስፌቴ በዓይን ጥቅሻ ከመስመር ወጥቶ ጠረጴዛው ጫፍ ደረሰ። ሳቁ። ከዚያ እጃቸውን መንኮራኩሩ ላይ አድርገው በተግባር አሳዩኝ፦ ኩርባ ላይ ሁለት ስፌት፣ መቆም፣ ሁለት ስፌት፣ መቆም። የጀመርኩትን የላይ ስፌት እዚያው ጨረስኩት፤ በቀኝ ክንፍ ላይ ያለችው ሰካራም መስመር የዚያ ቀን ማስታወሻ ናት።

የሲንጀሬን ሥራ ገልብጠው አዩትና «ያንቺ ቀርፋፋ ማሽን ጥሩ አስተማሪ ናት» አሉ። ስለ ጥርሶቹ ነገርኳቸው። መሳቢያቸውን ከፍተው አሳዩኝ። የዓመታት የፋብሪካ ልብስ ቁርጥራጭ በየመኪናው ስም ተጠቅልሎ ተቀምጧል። «ይሄን ነው የምንሸጠው፣ ስፌቱን አይደለም» አሉኝ። አንዲት ቁራጭ ግን አልሰጡኝም።

ኅዳር 28፣ እሑድ

ማልበስ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጀመርን፣ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ገና አልለቀቀም። ሌዘሩ እንደ ቆርቆሮ ደርቋል። ልብሱ ከስፖንጁ በሁለት ሴንቲ ሜትር ያንሳል፤ መወጠር ስላለበት ሆን ተብሎ ነው፤ ግን በዚህ ብርድ እሱን ማስገባት ከሕፃን እግር ላይ ጠባብ ጫማ እንደ መግፋት ነበር። የአውራ ጣቴ ጥፍር ተገነጠለ።

ሁለት ነገር አዳነን። አንደኛ ፀሐይ፤ ልብሱን ገልብጠን ቆርቆሮ ጣራ ላይ አንድ ሰዓት አሰጣነው፣ ሲወርድ እንደ እንጀራ ለስልሶ ነበር። ሁለተኛ ፌስታል፤ ስፖንጁ ላይ ስስ ፌስታል ስናለብሰው ሌዘሩ መያዙን ትቶ ተንሸራተተ። ያለቀውን የክንፍ ስፖንጅ ቀድሜ ቆርጬ በጠንካራ ስፖንጅ ተክቼዋለሁ፤ ከሽቦ ስፕሪንጉ በላይም ጆንያ አንጥፌያለሁ፣ ብረቱ ስፖንጁን እንዳይበላው።

ቀለበቶቹ አልቀው ስለነበር መሃሉን በጥቂት ቀለበት ይዤ ሌላውን ዳር በማስቲሽ አጣበቅሁት። አዎ፣ በማስቲሽ። የአምናዎቹን ሰፊዎች የሰደብኩበትን።

ሲያልቅ ቆመን አየነው። ወንድሜ ተቀመጠ፣ ወጣ፣ ተቀመጠ። «ቀሚስ አይደለም» አለ።

ታኅሣሥ 3፣ ዓርብ

ስልክ። ኮምቦልቻ፣ ቀትር ላይ።

«ወንበርሽ አረጀ።»

ደሴ ላይ ከበሮ የነበረው ሌዘር የኮምቦልቻ ሙቀት ሲያገኘው ላልቶ መሃሉ ላይ ሦስት ሽብሽብ አውጥቷል። ይባስ ብሎ በሞተሩ በኩል ያለው ዳር ለቋል። ማስቲሽ ሲሞቅ ይለሰልሳል፤ ከታች ሞተር፣ ከላይ የኮምቦልቻ ፀሐይ፣ በመሃል ሰማንያ ኪሎ ወንድሜ።

ታኅሣሥ 5፣ እሑድ

እንደገና አወለቅሁት። ይህን ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል።

በዳሩ ሁሉ ከወፍራም ጨርቅ የሽቦ ኪስ ሰፋሁ፣ ልክ እንደ ፋብሪካው። ቀለበት ስላላገኘሁ የግንባታ ማሰሪያ ሽቦ በፒንሳ ጠምዝዤ፣ ጫፉን ወደ ስፖንጁ አጥፌ። የመሃሉን ኪስ አንድ ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ አስገባሁት። ማስቲሽ አንድ ጠብታ የለም። ግን አላለበስኩትም። ስፖንጁንና ልብሱን ለየብቻ ጭነን ኮምቦልቻ ወረድን፤ በሽማግሌው ግቢ፣ ቀትር ላይ፣ ሌዘሩ በሞቀበት። አርባ ደቂቃ። በሚሞቅበት አገር የተወጠረ ሲበርደው ይብስ ይጠብቃል እንጂ አይላላም። ማታ ደሴ ስንገባ በጣቴ መታሁት፣ ድው አለ።

ታኅሣሥ 19፣ እሑድ

ሁለት ሳምንት ሞላው። ሽብሽብ አንድ፣ ትንሽ፣ በቀኝ ፊት። ሰካራሟ መስመር አለች። የግራው ክንፍ አልተበላም፤ ወንድሜ ሲወጣ ግን አሁን እጁን ወንበሩ ላይ ጭኖ ቀስ ብሎ ነው የሚነሣው፣ ስለዚህ ፈተናው በትክክል አልተፈተነም።

የፋብሪካውን ግራጫ ቁርጥራጮች አጥቤ፣ ተኩሼ፣ ከካርቶኖቹ ጋር በገመድ አስሬ መሳቢያ ውስጥ አስገባሁ። በላዩ «ሃይስ፣ የሹፌር» ብዬ ጻፍኩበት።

ዛሬ መኪናዋ ግቢ ስትገባ ረዳቱ በር ላይ ካለችው ታጣፊ መቀመጫ ተነሥቶ ቆመ፣ ሌዘሯ ሙሉ በሙሉ ተገፍፎ ስፖንጁ ቢጫ ሆኗል።

«እትዬ፣ የኔስ?»

ሜትሬን አወጣሁ። ከሥር ያለው ኮምፔርሳቶ ከመሃል ተሰንጥቋል፤ መጀመሪያ እሱ ነው የሚቀየረው።